ማሰሮው ላይ የምትዞረው ትንኝ ምንድን ናት? አፈሩስ ይድናል?

ባለፈው ክረምት ድሬዳዋ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ያሏትን የአበባ ማሰሮዎች በሙሉ በር ላይ አውጥታ ደረደረቻቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። ግማሾቹ ማሰሮ እንኳን አይደሉም፤ አፋቸው የተቆረጠ የዘይት ጀሪካንና የቀለም ባልዲ ናቸው። ጤና አዳም አለ፣ ናና አለ፣ በሶብላ አለ፣ የምትሳሳለት አንድ ጽጌረዳም አለ። "የፈለገ ይውሰድ" አለች።

ያስመረራት አፈሩ ነው። ውኃ ባጠጣች ቁጥር ትናንሽ ጥቋቁር ትንኞች ብር ብለው ይነሳሉ። ሳሎን ይገባሉ። ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይወድቃሉ። እኛ አገር ደግሞ ትንኝ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በሽታ ነው። "አቦ፣ ለአበባ ብዬ ልጆቼን ላሳምም?" አለችኝ።

ፍርሃቷ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ድሬ ትንኝ የምታስተላልፋቸውን በሽታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። በ2022 የተነሳውን የወባ ወረርሽኝ ደግሞ ተመራማሪዎች ከአኖፊለስ ስቴፈንሲ ጋር አያይዘውታል። ይህቺ የወባ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና ሮቶ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትፈለፈላለች። ስለዚህ ሰው ትንኝ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ግን ከማሰሮው የምትነሳዋ ሌላ ፍጡር ናት። አትናከስም፣ ደም አትመጥም፣ ሰው ላይ በሽታ አታስተላልፍም። ጠቧ ከተክሉ ሥር ጋር ነው።

ታዲያ ይህቺ ትንኝ ማን ናት?

ሰው ዝም ብሎ "ትንኝ" ይላታል። እኔ ከሌሎቹ እንድትለይ እዚህ ጽሑፍ ላይ "የአፈር ትንኝ" እላታለሁ። ቁመቷ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሩዝ ፍሬ ግማሽ ብትሆን ነው። ሰውነቷ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው።

ከቢምቢ የሚለያት አካሄዷ ነው። የአፈር ትንኝ በረራ አትችልበትም። ትንሽ ብድግ ብላ፣ ወዲህ ወዲያ ተንገዳግዳ፣ ተመልሳ አፈሩ ላይ ታርፋለች። ብዙ ጊዜ አፈሩ ላይ በእግሯ ስትሮጥ ታገኟታላችሁ። ቢምቢ ይህን አታደርግም። ደንጊ የምታስተላልፈዋ ኤደስ ደግሞ እግሯ ላይ ነጫጭ ቀለበት አላት። ማሰሮው ጋ ሳይሆን ማንጎውና ሙዙ የተቀመጠበት ሳህን ላይ የሚያንዣብብ ነገር ካያችሁ ደግሞ እሱ የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው።

ዋናው ልዩነት ግን የልጆቻቸው ቤት ነው። የቢምቢ እጭ የሚኖረው ውኃ ውስጥ ነው። የአፈር ትንኝ እጭ የሚኖረው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። እጭ የምንለው ከእንቁላሉ የሚወጣውን፣ ገና ክንፍ ያላወጣውን ትል መሳይ ነገር ነው። የዚህችኛዋ እጭ ውስጡ የሚያሳይ ነጭ ክር ይመስላል፤ ጭንቅላቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ነው።

ብገድላት ብገድላት የማታልቀው ለምንድን ነው?

በስንዴ ከረጢት ላይ ነቀዝ ሲሄድ ብታዩ ያንን አንዱን ጨፍልቃችሁ "ተገላገልኩ" አትሉም። ጉዳዩ ከረጢቱ ውስጥ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህም እንደዚያው ነው።

አንዲት እንስት እርጥብ አፈር ላይ ከ100 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል። እጩ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ አፈር ውስጥ ሲበላ ይቆያል። ከዚያ ሳይበላ ሳይንቀሳቀስ ወደ ትንኝነት የሚለወጥበት የፑፓ ጊዜ አለ፤ እሱም ጥቂት ቀን ነው። ክንፍ አውጥታ ስትወጣ የሚቀራት ዕድሜ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተገናኝታ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ዙሩ ሲጠቃለል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል።

እንግዲህ አስቡት። ፍሊት ነፍታችሁ የምትገድሉት ዕድሜዋን የጨረሰችውን ነው። ልጆቿ ታች አሉ። ለዚህ ነው ሰው ሳሎኑን ሲያጥን፣ ፍሊት ሲረጭ ከርሞ "እነዚህ ነገሮች አይሞቱም" የሚለው። ይሞታሉ፤ የተመታው ቦታ ነው የተሳሳተው።

በዚህ ሙቀት አፈሩ እንዴት እርጥብ ሆኖ ይቆያል?

ይህን ጥያቄ ጎረቤቴም ጠይቃኛለች። ድሬ ናት እኮ፤ ልብስ ሰጥታችሁ ዞር ሳትሉ ይደርቃል።

መልሱ እጃችን ላይ ነው። ስለሚሞቅ ጠዋት እናጠጣለን፣ ስለሚሞቅ ማታ እናጠጣለን። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ "ነገ ይጠፋል" ብለን ደርበን እናጠጣለን። የላይኛው አፈር ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። ማሰሮው ያለው ደግሞ ፀሐይ ላይ ሳይሆን በረንዳ ጥላ ሥር ወይም ሳሎን ጥግ ነው። ጀሪካኑ ከታች ካልተበሳ ውኃው መውጫ የለውም። ውጭው በረሃ ቢሆንም ማሰሮው ውስጥ ረግረግ ሆኗል።

ሁለተኛው ነገር ምግብ ነው። እጩ በዋናነት የሚበላው የሚበሰብስ ነገርንና በላዩ የሚበቅለውን ሻጋታ ነው። እኛ ደግሞ አፈሩን እናበላዋለን ብለን የማንጥልበት ነገር የለም። የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ። ከሰዓት በኋላ ላይማ ገራባውም፣ የጫቱ ትርፍራፊ፣ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ይደፋል። ገራባ ለፍየል ጥሩ ነው። ጥሬውን እርጥብ ማሰሮ ላይ ሲቀመጥ ግን ሻጋታ ያበቅላል፤ ለትንኟ ድግስ ነው።

ያልበሰለ ፍግም ያው ነው። ትኩስ እበት ወይም በደንብ ያልተብላላ ኮምፖስት ገዝታችሁ ከቀላቀላችሁ እንቁላሉ አብሮ የመምጣት ዕድል አለው።

ተክሉን ምን ታደርገዋለች?

ለትልቅና ጠንካራ ተክል ብዙም አትከፋም። እጩ ከሻጋታው በተጨማሪ እንደ ጠጉር የቀጠኑ ሥሮችን ይበላል፤ ትልቅ ጽጌረዳ ግን ይህን ይችለዋል። የሚጎዱት ችግኞች ናቸው። ገና ሁለት ቅጠል ያወጣ የበሶብላ ወይም የቃሪያ ችግኝ ያለው ያቺው ቀጭን ሥር ብቻ ናት። እሷ ከተበላች ያጋድላል፣ በማግሥቱ ወድቆ ታገኙታላችሁ። እጩ የበላበት ቁስል ደግሞ ሥር ለሚያበሰብሱ ፈንገሶች በር ይከፍታል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ዙር አለ። ሥሩ የተጎዳ ተክል ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይቢጫል። እኛ "ጠማው" እንላለን። እንጨምርለታለን። እርጥበቱ ሲጨምር እጩ ይበዛል፣ ሥሩ ይበልጥ ይበሰብሳል። ድሬ ላይ የቤት ውስጥ ተክል በውኃ ጥም ሞተ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ እጠራጠራለሁ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሳትከቱ አትፍረዱ።

መኖራቸውን እንዴት ላረጋግጥ?

አንድ ጥሬ ድንች ላጡ። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ አፈሩ ላይ ጫን አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ገልብጡት።

እጭ ካለ ድንቹ ሥር ይሰበሰባል። ጎረቤቴ ናናው ላይ ያስቀመጠችውን ቁራጭ ስንገለብጠው መጀመሪያ ምንም ያለ አልመሰለንም። ወደ ብርሃን አዙረን ስናየው ነጫጭ ክሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ በየጫፋቸው አንዳንድ ጥቁር ነጥብ። ዘጠኝ ቆጠርን። ጤና አዳሙ ላይ ያስቀመጥነው ንጹሕ ነበር። ይህ ራሱ መልስ ነው፤ ናናው በቀን ሁለቴ ይጠጣ ነበር፣ ጤና አዳሙ ግን ተረስቶ ነበር።

ድንቹ ምርመራም ወጥመድም ነው። እጭ የያዘውን ቁራጭ አውጥታችሁ ጣሉና በአዲስ ቀይሩ። ብቻውን አይጨርሳቸውም፤ ቁጥራቸውን ግን ይቀንሳል።

ታዲያ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ውኃውን ያዙ። እንቁላሉም እጩም ደረቅ አፈር አይችሉም። አብዛኛው እጭ ያለው ደግሞ በላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። ደረቅ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከታች ቀዳዳው ውኃ እስኪወጣ ድረስ አጠጡና እንደገና እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመስጠት አንዴ አጥግቦ መተው ይሻላል። እሬት፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ቡገንቪል ይህን ይወዱታል እንጂ አይጎዱበትም።

ናናና ችግኝ ግን ለረጅም ጊዜ መድረቅ አይችሉም። ለእነሱ ከታች ማጠጣት አለ። ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውኃ አድርጉና ማሰሮውን 20 ወይም 30 ደቂቃ አስቀምጡት። አፈሩ በቀዳዳው በኩል ይስባል፤ ላዩ ከወትሮው ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አውጡትና ውኃውን ድፉት። "በኋላ እደፋዋለሁ" ብላችሁ ከማሰሮው ሥር ሳህን ላይ አትተዉት። የአፈር ትንኝን ስትሸሹ ለእውነተኛዋ ቢምቢ ቤት ትሠራላችሁ፤ እሷ ለመፈልፈልና ለማደግ በሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል።

ሁለተኛ፣ የሚበሩትን አጥምዱ። ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል። የሚያጣብቅ ቢጫ ካርድ የሚሸጥበት አገር አለ። እኛ ጋ ቢጫ ጀሪካን ሞልቷል። ከተሰበረው ላይ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። በስንጥር አስራችሁ አፈሩ አጠገብ ትከሉት። ሲሞላ ጥረጉና እንደገና ቀቡት። ከሁለት ቀን በኋላ የሚለጠፍበትን ስታዩ ትገረማላችሁ። አቼቶ በብርጭቆ ማስቀመጥ የሚመክሩም አሉ፤ እሱ ይበልጥ የሚሠራው ለፍራፍሬ ዝንብ ነው።

ሦስተኛ፣ እጩን አፈሩ ውስጥ ምቱ። እዚህ ላይ ድሬ የታደለች ናት፤ ኒም በየመንገዱ ቆሟል። የኒም ፍሬ ውስጥ አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እጩ ሲያድግ ቆዳውን መቀየር አለበት፤ ይህ ነገር ያንን ያበላሽበታል። ቅጠሉም ጥቂት አለው፣ ብርታቱ ግን ፍሬው ውስጥ ነው። 50 ግራም የተላጠና የተወቀጠ ደረቅ የኒም ፍሬ በ1 ሊትር ውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። በጨርቅ አጥልሉ። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉበትና ማታ ላይ አፈሩን አጠጡበት። ማታ ያልኩት ፀሐይ ጉልበቱን ስለሚሰብረው ነው። ከርሞም አይሠራም፤ በደገማችሁ ቁጥር አዲስ አዘጋጁ። በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ድገሙት። ልጆች እንዳይጠጡት ግን ተጠንቀቁ፤ ኒም መራራ መድኃኒት ነው ብሎ ለሕፃን መስጠት አደገኛ ነው።

ሌላም አለ። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ የሚባል ባክቴሪያ፤ ስሙ ስለሚረዝም በአጭሩ ቢቲአይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ነጌቭ በረሃ ውስጥ የተገኘ ነው። እጩ ሲበላው አንጀቱ ይበሳና ይሞታል። ሰውን፣ ድመትን፣ ንብን አይነካም። ለቢምቢ እጭ ውኃ ላይ የሚጨመረውም እሱ ነው። እንቁላሉን፣ ፑፓዋንና የምትበረዋን ስለማይነካ እሱም በየሳምንቱ መደገም አለበት። ካገኛችሁ ከኒም የተሻለና የቀለለ ነው።

ፋርማሲ የሚሸጠው ቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድስ? ይሠራል። ባለ 3 በመቶውን አንድ እጅ ከአራት እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ የደረቀውን አፈር አጠጡበት። ይፍለቀለቃል፤ የነካውን እጭ ይገድልና ወደ ውኃና ኦክሲጅን ይለወጣል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፣ ከዚያ የበረታም አለ። እኔ ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው የማደርገው። መልካሞቹንም ጥቃቅን ሕዋሳት ይፈጃል፤ በየሳምንቱ የሚደገም ነገር አይደለም።

የማይደረገውስ?

በረኪና አታፍሱ። ናፍጣም፣ ጨውም፣ የፈላ ውኃም ያው ነው፤ ተክሉን ከትንኟ በፊት ይገድሉታል። ለማሳ ወይም ለጫት የተገዛ የተባይ መድኃኒት ሳሎን ውስጥ አትጠቀሙ። በተለይ ጤና አዳሙ ነገ ቡና ላይ የሚገባ ከሆነ።

አመድ ላዩ ላይ የሚነሰንሱ እናቶች አሉ። አፈሩን ለጊዜው ያደርቃል፣ እውነት ነው። ግን አመድ ጨዋማና ኮምጣጣን የሚሰብር ነገር ነው። የድሬ ውኃ ደግሞ ራሱ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ነጩን ቅርፊት እዩት። በዚያ ላይ አመድ ሲደመር ተክሉ ብረት ከአፈሩ መውሰድ ይቸግረዋል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። አንዴ እፍኝ ይሁን። ልማድ አይሁን። ቀረፋ ነስንሱ የሚልም ምክር ይዞራል፤ በዛሬ ዋጋ ቀረፋውን ለሻይ ብታደርጉት ይሻላል።

ከታች ጠጠር ማድረግስ አይጠቅምም?

ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ወርሰነዋል። ማሰሮው ሥር ጠጠር፣ በላዩ አፈር፤ "ውኃው እንዲያልፍ"። አዝናለሁ፣ አይሠራም። እንዲያውም ያባብሳል። ለምን እንደሆነ ለማየት ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይበቃል።

ስፖንጁን ውኃ ውስጥ ንከሩትና ሳትጨምቁ አግድም አስተኝታችሁ ያዙት። ይንጠባጠብ ይንጠባጠብና ያቆማል። አሁን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እንደገና ይፈስሳል! ውኃ አልጨመራችሁም። የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው።

አፈርም እንዲህ ነው። በትንንሽ ክፍተቶቹ ውኃ ይይዛል፤ ከታችኛው ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የማይፈስ እርጥብ ንብርብር ይቀራል። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሰፋፊ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ እስከ መጨረሻው ሲጠግብ ነው። ስለዚህ ጠጠር ስትጨምሩ እርጥቡ ንብርብር አይጠፋም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ይጠጋል። አፈሩ አጭር ሆነ፣ እንደተኛው ስፖንጅ። ጠጠሩን አውጡት። ቀዳዳውን በደንብ ብሱት። አፈር እንዳይፈስ ቁራጭ ወንፊት ወይም የወባ አጎበር ቁራጭ ከታች አንጥፉ።

ጠጠሩ የሚጠቅመው አፈሩ ውስጥ ሲቀላቀል ነው። ወይም ላዩ ላይ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሻካራውን በወንፊት ነፍታችሁ፣ አቧራውን አጥባችሁ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ላዩ ላይ ብታለብሱት ቶሎ ይደርቃል፣ ትንኟም እንቁላል ለመጣል አትመርጠውም። ላዩ ደርቆ ታቹ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ግን ጣት ማስገባታችሁን አትተዉ።

አፈሩን ልጣለው ወይስ ይድናል?

አትጣሉት። አፈር ዛሬ በዶማ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይሸጣል። ደግሞም የትንኝ አፈር የሞተ አፈር አይደለም። የደከመ ነው። በውስጡ የነበረው ብስባሽ አልቆ ደቅቋል፣ ታጭቋል፣ አየር አጥቷል። ማሰሮው ከንፈር ላይ የምታዩት ነጭ ቅርፊትም ከውኃው የቀረ ጨውና ኖራ ነው።

ተክሉን አውጡና አፈሩን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግፉ። ከሌሎቹ ማሰሮዎች ራቅ አድርጉት፤ ፑፓ ላይ የነበሩት ወጥተው መብረራቸው አይቀርም። የበሰበሰ ሥር ልቀሙ። ጓሉን ፍረኩ። ከዚያ ማጽዳቱ ይመጣል፤ ለዚህ ድሬ ያለ ገንዘብ የምትሰጠው ነገር አላት።

አፈሩን ረጠብ አድርጉት። በእጅ ሲጨመቅ የሚያያዝ፣ ውኃ ግን የማይንጠባጠብ። ውስጡን በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አስተኝታችሁ አፉን ዝጉና ጣራ ወይም ሲሚንቶ ላይ ፀሐይ አስመቱት። ለምን እርጥብ? ሙቀት በእርጥብ አፈር ውስጥ በደንብ ይሄዳል፤ በደረቁ ግን አየሩ ያግደዋል። ለምን የሚያሳይ ላስቲክ? ፀሐዩን አስገብቶ ሙቀቱን ያስቀራል፣ በሩ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ እንደቆመ ባጃጅ። በሽታ አምጪውንም ለመግደል የአፈሩ መሐል 60 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት፣ ወይም 70 ደርሶ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ቀጭን ንብርብር እዚያ ሊደርስ ይችላል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተዉትና አልፎ አልፎ አገላብጡት።

ሐረር ላይስ? ከተማዋ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ እንደ ድሬ አይደለችም። ክረምቱ ደግሞ ደመና ነው። እዚያ እንፋሎት ይሻላል። ለምግብ የማትፈልጉት አሮጌ ድስት ሥር ጥቂት ውኃና ድንጋይ አድርጉ፤ አፈሩን ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከድንጋዩ ላይ አስቀምጡና ክደኑት። የሚፈለገው የአፈሩ መሐል 82 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ነው። ሐረር ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንፋሎቱ በቂ ነው። ደረቅ ምጣድ ላይ አትቁሉት፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ተክል የሚመርዝ ነገር ያወጣል። ሽታውም ጥሩ ስላልሆነ ግቢ ውስጥ በከሰል ይሁን።

ጨውና ኖራው በሙቀት አይወጣም። እሱ በውኃ ይታጠባል። አፈሩ ማሰሮ ውስጥ ሲመለስ የማሰሮውን ይዘት ሁለት እጥፍ የሚሆን ውኃ በዝግታ አፍስሱበትና ከታች ይውጣ። የዝናብ ውኃ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ኖራ የለበትም።

ሕይወቱንስ ማን ይመልሳል?

ሙቀቱ ክፉውንም ደጉንም ጨርሷል። አፈር እንዲሠራ በውስጡ መልካሞቹ ጥቃቅን ሕዋሳት ያስፈልጉታል። የሚያመጣቸው በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። እኔ የምጠቀምበት ልክ ሁለት እጅ አሮጌ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ ወይም ሻካራ አሸዋ ነው። ሬድ አሽ ለግንባታ የሚመጣው ያው ቀዩ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ አየርም ውኃም ይይዛል። ጥሩው አተር ወይም ሽምብራ የሚያህለው ነው፤ ዱቄቱን ጣሉት። ደቃቅ አሸዋ አትጠቀሙ፣ ክፍተቱን ይደፍናል።

ኮምፖስቱ መብሰሉን በአፍንጫ ታውቃላችሁ። የበሰለው ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። አሞኒያ ወይም ብስባሽ ከሸተተ ገና ነው። ከምን እንደተሠራ ካወቃችሁትም ገና ነው፤ የገራባ እንጨት አሁንም የገራባ እንጨት ከመሰለ መልሱት።

ከዚህ የተሻለ ምርመራ ደግሞ ቅመም መደርደሪያችሁ ላይ አለ። ፌጦ። የውጭ አገር ላቦራቶሪዎች ኮምፖስት ተክል ይጎዳ እንደሆነ የሚፈትሹት በፌጦ ዘር ነው፤ ቶሎ ስለሚበቅልና መርዝ ስለማይችል። አንድ ሳህን ላይ ኮምፖስቱን፣ ሌላው ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጉና ሃያ ሃያ ዘር ዝሩ። በሦስት በአራት ቀን አወዳድሩ። ጨርቁ ላይ በቅሎ ኮምፖስቱ ላይ ካነሰ ወይም ሥሩ ከጠቆረ፣ ለአንድ ወር ይብላላ። ፌጦ የሚገኝበት አገር ላይ ሆነን ይህን ያለመጠቀም ያሳዝናል።

የበግና የፍየል በጠጥም ጥሩ ነው፤ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ጥቂት። አተላውና ገራባው ግን ከአሁን በኋላ መንገዳቸው ወደ ኮምፖስት ክምሩ ነው።

መቼ ነው ጠፉ የምለው?

በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ። አፈሩን አድርቃችሁ፣ ኒም አጠጥታችሁ አሁንም ትንኝ ይነሳል። ሥራው ከሽፎ አይደለም፤ ቀድመው ፑፓ ላይ የደረሱት እየወጡ ነው። ቢጫው ጀሪካን የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ይሳሳሉ። ከአራተኛው በኋላ ድንቹን እንደገና አስቀምጡ። በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ንጹሕ ከወጣ ዙሩ ተቆርጧል። አዲስ ተክል ወይም አዲስ አፈር ሲመጣ ግን ከሌሎቹ ጋር ሳትቀላቅሉ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት።

ጎረቤቴ አሥሩን መልሳ አስገባች። አንዱ ጀሪካን ብቻ፣ ያልተበሳው፣ ቀረ። ከእሱ ላይ ነው ለሁሉም የሚበቃ ቢጫ ወጥመድ የቆረጥነው።